ሚዕራጅን በአንስታይን የሚያስረዱን ወንድሞች ሒሳባቸውን ይመልከቱ



ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። መንገደኛ አያጣትም፤ መንገደኛ ካለ ደግሞ ወሬ አይጠፋም። ባለፈው ክረምት ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት ዳዒ ከመግሪብ በኋላ ዳዕዋ አደረገልን። ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም፤ ጠቤ ከንግግሩ እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለምና። አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ቁርኣኑን አሳምሮ የሚቀራ ልጅ ነው። ርእሱ ኢስራእና ሚዕራጅ ነበር፤ አጀማመሩም መልካም ነበር። ወደ መጨረሻው ግን «ዛሬ ሳይንስ ራሱ መስክሮልናል! አንስታይን የሚባለው ሊቅ በጊዜ ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም መጓዝ እንደሚቻል አረጋግጧል። ሚዕራጅም ይኸው ነው!» አለ። ጀመዓው ተክቢራ አሰማ። አልዋሽም፣ እኔም አብሬ «አላሁ አክበር» ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከደረሶቼ አንዱ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እኔ ቀረበ። «ኡስታዝ፣ ያ ወደኋላ የሚመልሰው ነገር የት አገር ነው ያለው? ስንት ያስከፍላል?» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ፊቱን ሳየው ግን ሳቄን ዋጥኩ።

ይህ ልጅ አባቱን ያጣው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ጉማራ ሞልቶ ሳለ ከብት ለማሻገር ገብተው ውሃ ወሰዳቸው። በዚያን ቀን ከብቱን በጊዜ እንዲመልስ የተላከው እሱ ነበር፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት መሸበትና አባቱ ራሳቸው ሄዱ። ይህን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ለማንም ነግሮ አያውቅም። (አሁንም የምጽፈው እሱንና እናቱን አስፈቅጄ ነው።) ሌሎቻችን ተክቢራ ብለን ወደ ቤታችን ስንገባ፣ ይህ ልጅ ግን ሌሊቱን ሙሉ የመጓጓዣውን ሒሳብ ሲያሰላ አድሯል ማለት ነው።

እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ኪታብ ስቀራ ያደግሁ፣ ዓለማዊውን ትምህርት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ፊዚክስ የሚያስተምር ጎረቤቴን አስቸግሬ፣ መጻሕፍትም ተውሼ ሁለት ወር ያህል ሳገላብጥ ከረምኩ። ያገኘሁትን ስጽፍ ያ ወንድም እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ የእውነቱን ድርሻ ልስጠው። ወደፊት መጓዝ ይቻላል። አንስታይን በ1905 (እ.ኤ.አ) ባወጣው ጽሑፍ የሚንቀሳቀስ ሰዓት ከቆመው ይልቅ በዝግታ እንደሚቆጥር አሳየ። በ1915 ደግሞ የመሬት ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ እንደሚዘገይ የሚያስረዳውን ቲዎሪ ጨመረ። ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1971 ሃፈሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አራት አቶሚክ ሰዓቶችን በተራ የመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች መሬት ላይ ከቀረው ሰዓት በ59 ናኖ ሰከንድ ወደኋላ ቀሩ፤ ወደ ምዕራብ የዞሩት በ273 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ። ናኖ ሰከንድ ማለት ሰከንድ ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል አንዷ እጅ ናት። ሰርጌ ክሪካሌቭ የተባለው የሩሲያ ጠፈርተኛ በተለያየ ጊዜ በድምሩ 803 ቀን ጠፈር ላይ ኖሮ ሲመለስ፣ ከእኛ ወደ አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ገደማ ያነሰ ዕድሜ ይዞ ወረደ። የሰው ልጅ እስካሁን የተጓዘው «የጊዜ ጉዞ» ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። የዐይን ጥቅሻ እንኳ አይሞላም።

የሩቁን ትተን ወደ አገራችን እንምጣ። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ነው። ከሜዳው ቀና ሲሉ የሚታየው የጉና ተራራ ጫፉ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከጎረቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው፦ ጉና ጫፍ ላይ የሚኖር እረኛና እዚህ ሩዝ የሚያርም ገበሬ ሰዓታቸው እኩል አይሄድም። የተራራው ሰዓት በዓመት 8 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ሁለቱ 70 ዓመት ቢኖሩ፣ የሜዳው ሰው ከደጋው ሰው በግማሽ ሺህኛ ሰከንድ ወጣት ሆኖ ይሞታል! የፎገራ ሰው ወባውንና ጎርፉን የሚችለው ለዚህች ትርፍ ከሆነ ጥሩ ነጋዴ አይደለም።

ይህ ነገር ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ ሰላት ሲደርስባችሁ በስልካችሁ ቂብላ ትፈልጋላችሁ። ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይቶች በሚመጣ የሰዓት ምልክት ነው። የሳተላይቶቹ ሰዓት በፍጥነታቸው ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል፤ ስበቱ እላይ ስለሚላላ ደግሞ 45 ይቀድማል፤ ሲጣፋ በቀን 38 ይቀድማል። መሐንዲሶቹ ይህን ባያርሙት ስልኩ በአንድ ቀን ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሳሳት ነበር። ስለዚህ አንስታይንን አትንኩ የሚል ካለ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ሚዕራጁ። ወንድማችን ሒሳቡን ሳያይ የተናገረው እዚህ ላይ ነው። የአንስታይን ቲዎሪ የሚለው በፍጥነት የተጓዘ ሰው *ለእርሱ* ጥቂት ጊዜ ያልፋል፣ *ከቤት ለቀሩት* ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል ነው። ምሳሌ ላምጣ። ለፀሐያችን የምትቀርበው ኮከብ ብርሃን ራሱ 4.2 ዓመት የሚጓዝባት ርቀት ላይ ናት። አንድ ሰው በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ ቢጋልብና ደርሶ ቢመለስ፣ ለእርሱ 1 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ብቻ ያልፋል፤ ቤተሰቡ ግን ስምንት ዓመት ተኩል ይጠብቀዋል። ሚዕራጁስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰማያትን ተሻግረው በዚያው ሌሊት ወደ መካ ተመለሱ። ለመካ ሰዎች ያለፈው አንድ ሌሊት ብቻ ነው! ይህ ከአንስታይን ሒሳብ ጋር የሚገጥም ሳይሆን ፊትና ጀርባ ነው። በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት ውስጥ ብርሃን እንኳ ቢሆን ፕሉቶ ድረስ ሄዶ ቢመለስ ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ገና የትና የት ናት። እንግዲያው «አንስታይን መሰከረልን» የሚል ሰው፣ ነገ አንድ ፊዚክስ የተማረ ልጅ ተነሥቶ «ሒሳቡ ተቃራኒውን ነው የሚለው» ቢለው ምን ሊመልስ ነው? ምስክር ብሎ የጠራው ሰው ሲመሰክርበት!

አንዳንዶች የአስሓቡል ከህፍን ታሪክም በዚሁ ያስረዳሉ። እርግጥ ወደፊት ተሻግሮ መንቃት ይመስላል፤ ለእነርሱ አንድ ቀን ወይም ከፊሉ የመሰላቸው ለውጪው ዓለም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ነበር። ግን እነዚያ ወጣቶች በዋሻ ውስጥ ተኙ እንጂ የትም አልበረሩም። ፍጥነቱ ከየት መጣ? ቁርኣን ውስጥ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑ የተወሳበትን አንቀጽ ይዘው የብርሃንን ፍጥነት አስልተን አወጣን የሚሉም አሉ። መልሱን አስቀድሞ አውቆ ሒሳቡን ወደ መልሱ መጎተት ምን ዓይነት ስሌት እንደሆነ ማንኛውም የስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ያውቀዋል።

«አንተ ሙዕጂዛን ትጠራጠራለህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በተቃራኒው ነው። ሙዕጂዛ ያልኩትን ነገር በአውሮፕላንና በሰዓት ልክ የምሰፍረው ከሆነ ሙዕጂዛነቱ ምኑ ላይ ነው? አቡበክር (ረ.ዐ) ሰዎች ሊያፌዙ ወሬውን ሲያመጡላቸው ስንት ክንድ፣ ስንት ፈርሰኽ ብለው አልጠየቁም፤ የተናገሩት እሳቸው ከሆኑ እውነት ነው አሉ፤ ሲዲቅ መባላቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ደግሞስ ሳይንስ ራሱን የሚያርም ነገር ነው። ኒውተን መጽሐፉን ካሳተመበት ከ1687 ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ ለ218 ዓመት ሊቃውንቱ ሁሉ ጊዜ ለሁሉም እኩል ይፈሳል ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን ኢማኑን በኒውተን ሰዓት ላይ ያሠረ ሰው ቢኖር ኖሮ አንስታይን ሲመጣ ምን ይውጠው ነበር? የእኛው ኢብኑል ሀይሠም የበጥሊሞስን ስሕተት እየለቀመ «ጥርጣሬዎች» ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። እሱ ዛሬ ቢኖር ተክቢራ ከማለቱ በፊት ወረቀትና ብርዕ የሚያነሣ ይመስለኛል።

ወደኋላውስ? የልጁ ጥያቄ ይህ ነበርና እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል።

አንስታይን ወደኋላ መጓዝን አላረጋገጠም። በ1949 ጓደኛው የሒሳብ ሊቁ ጎዴል ከአንስታይን እኩልታዎች አንድ እንግዳ መፍትሔ አወጣ፦ መላው ዓለም የሚሽከረከር ቢሆን ኖሮ ዞሮ ወደ ትናንት የሚያደርስ መንገድ ይኖር ነበር። ዓለማችን ግን እንደዚያ ስትሽከረከር አልታየችም። በ1988 ኪፕ ቶርን የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ ዎርምሆል የሚሉትን የሰማይ አቋራጭ ዋሻ በወረቀት ላይ መረመሩ። ዋሻው እንዳይደረመስ ግን ኃይሉ ከባዶ በታች የሆነ ነገር በብዛት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሚበቃ መጠን ያገኘ የለም። እንግሊዛዊው ሆኪንግ በ1992 የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ይህን በር ሳይዘጋው አይቀርም የሚል ግምት ጻፈ። በ2009 ደግሞ እንደ ቀልድ ድግስ ደግሶ፣ የመጥሪያ ወረቀቱን ድግሱ ካለቀ በኋላ በተነው፤ ከወደፊት የሚመለስ እንግዳ ካለ ይምጣ ብሎ። ማንም አልመጣም።

ከሁሉ በላይ ዳዒው መናገር የነበረበት አንድ ነገር አለ። የቶርን ዋሻ ቢሠራ እንኳ፣ ዋሻው *ከተሠራበት ቀን በፊት* ወዳለ ጊዜ ማንንም አያደርስም። ዛሬ ቢያልቅ ከዛሬ ወዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ነበረው የጉማራ ክረምት የሚወስድ መንገድ በወረቀትም ላይ የለም። በሩቅ አገር የተቀመጠ፣ ገንዘብ ያለው የሚሳፈርበት ነገር የለም።

የራሳችን ሊቅም አሉን። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የፊዚክስ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ዓመታት ታስረው፣ እስር ቤት ውስጥ ሳሉም ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳክሃሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የሥራቸው መስክ ሙቀትና ሥርዓት አልባነት እንዴት እንደሚሄዱ የሚያጠናው ክፍል ነው። ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው የሚመስለን ለምን እንደሆነ የሚመረመረውም በዚህ ክፍል ነው። የተፈለፈለ ሩዝ ወደ ገለባው አይመለስም፤ የተጋገረ እንጀራ ሊጥ አይሆንም። ይህን እናቶቻችን ያለ እኩልታ ያውቁታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ከዳዒው ጋር የሚያያዝ ባይሆንም ከወጣቶቻችን አፍ የማይጠፋ ነውና። «ኢትዮጵያ የገባ ሰው ሰባት ዓመት ወደኋላ ተጓዘ» የሚለው የቱሪስት ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ሲሆን፣ የመጣውም የክርስቶስን ልደት ዓመት ሁለት ወገኖች ለየብቻ በማስላታቸው ነው። በእኔ ቤት ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያም፣ የፈረንጅም፣ የሂጅራም ቆጠራ ያለበት ካላንደር ተሰቅሏል። አገሪቱ 2000 ብላ ሚሊኒየም ስታከብር ፈረንጁ 2007 ይል ነበር፤ እኛ ደግሞ የ1428ን ረመዳን ልንቀበል ደጃፍ ላይ ነበርን። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ቀን። ከአንዱ ካላንደር ወደ ሌላው በመዞር አንዲት ደቂቃ ያተረፈ ሰው አላየሁም።

ልጁን አስቀምጬ ይህን ሁሉ በአቅሙ ነገርኩት። የጉናውን ሲሰማ «እኛ እንቀድማለን ወይስ እነሱ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። የዋሻውን ስነግረው ብዙ ዝም አለና «እንግዲያው ያ ሰውዬ ለምን አለ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ጉዳይ ለእናቱ ነግሯቸዋል። እናቱም ያን ቀን አባቱ ልጁ ቢኖርም ባይኖርም ራሳቸው ሊሄዱ ተነሥተው እንደነበር ነገሩት። አባቱ ለጎረቤት የቀረባቸው የአንድ ኩንታል ሩዝ ዕዳም ነበር፤ ዘንድሮ አጨዳው ሲደርስ እንከፍላለን ብለውኛል።

ወንድሜ ሆይ፣ ወደ ወረታ ስትመለስ ቤቴ ቤትህ ነው፤ ቡናም አለ። ግን በዚያው መስጂድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጀመዓ ፊት «ያን ጊዜ የተናገርኩት ስሕተት ነበር» ብትል ልጁ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥሃል። ሒሳቤ ላይ ስሕተት ካገኘህም በዚሁ መጽሔት ጻፍልኝ፤ እኔም በዚሁ ገጽ እታረማለሁ።