ስም ሲበተን

ከባቱ ከተማ አጠገብ ስላለው ሐይቅ የተጻፈውን የሚሻ ተማሪ «ዝዋይ» ብሎ ብቻ ቢፈልግ፣ «ዘዋይ» ወይም «ደምበል» የተባለው ያመልጠዋል። የሰውም ስም እንዲሁ ነው፤ በውጭ አገር መዝገብ አንዱ ጽሑፍ በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ይገባል።

ጉዳቱን ይመልከቱ። ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መለኪያ፣ ስድስት ጽሑፎች ያሉት ሰው እያንዳንዳቸው ስድስት ጊዜ ቢጠቀሱለት ልኩ 6 ነው። ሦስቱ በሌላ ስም ከተመዘገቡ ግን ወደ 3 ይወርዳል፤ የድካሙ እኩሌታ ባለቤት ያጣል።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪ ሁሉ በነጻ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት ቁጥሩን ያውጡ፤ የስምዎንም አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው ይጽኑበት። ቁጥሩ ሥራን ይሰበስባል እንጂ ሥራን አያሳምርም፤ ማሳመሩ የእርስዎ ፈንታ ነው።