ጐረቤት የማይሰማው ዜማ ፤ ክላቪኮርድ ስለሚባለው የሙዚቃ መሣሪያ

የሙዚቃ መሣሪያ የሚመሰገነው ድምፁ ርቆ ሲሰማ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እኛ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምናነሣው ግን በአንድ ክፍል ሲመታ በሚቀጥለው ክፍል ያለ ሰው እንኳ አጥርቶ የማይሰማውን ፥ ሆኖም በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ ወዳጅ ጨርሶ ያላጣውን መሣሪያ ነው። ስሙ ክላቪኮርድ ይባላል ፤ ከፒያኖ በፊት በአውሮፓ ፥ ይልቁንም በጀርመን አገር ፥ በብዙ ቤት ይገኝ ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

መልኩ ከእንጨት የተሠራ ረዘም ያለ ሣጥን ነው ፤ ትንሹን አንድ ሰው ተሸክሞ በጠረጴዛ ላይ ሊያኖረው ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት በስተፊት እንደ ፒያኖ በጣት የሚጫኑት የእንጨት ቁልፎች ተደርድረው ፥ ከበስተኋላቸው ደግሞ ቀጫጭን አውታሮች ወደ ጐን ተዘርግተው ይታያሉ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ጫፍ ላይ እንደ ምላስ ያለች አንዲት ትንሽ የናስ ቅጠል ቆማለች። ጣት ቁልፉን ሲጫን ናሲቱ ከፍ ብላ አውታሩን ትነካለች ፤ ነክታም አትመለስም ፥ ጣቱ እስኪነሣ ድረስ ከአውታሩ ጋራ ተጣብቃ ትቈያለች። ጣቱ ሲነሣ በአውታሮቹ መካከል የተጠላለፈው የሱፍ ጨርቅ ድምፁን ወዲያው ያጠፋዋል።

ምስጢሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው። በፒያኖ መዶሻው አውታሩን መትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል ፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ድምፁን ሊያቈየው ወይም ሊያቋርጠው ይችላል እንጂ የወጣውን ድምፅ በጣቱ ሊለውጠው ሥልጣን የለውም። በክላቪኮርድ ግን ጣትና አውታር ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይኖራሉ። ጠንከር አድርገው ቢጫኑት አውታሩ ስለሚወጠር ድምፁ ጥቂት ከፍ ይላል ፤ ጣቱን በቁልፉ ላይ ቢያወዛውዙት ድምፁ እንደሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ጀርመኖች ይህን ቤቡንግ ይሉታል። የአገራችንን ማሲንቆ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም ፤ የአዝማሪው ጣት በጭራው ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚሆነው ይህንኑ የመሰለ ነውና። ነገር ግን ይህ ቅርበት ዋጋ ያስከፍላል። ናሲቱ አውታሩን የምትነካው ከሚያሰማው ክፍል በመጨረሻው ጫፍ ላይ ስለ ሆነ ድምፁ እጅግ ደካማ ነው። እጁ የከበደ ሰው ሲመታውም ዜማው ይበላሻል ፤ ያልሠለጠነ ጣት የሚደበቅበት ስፍራ አያገኝም።

ስሙ በ1404 በተጻፈ የጀርመን ግጥም ውስጥ ተጠቅሷል። የተሠሩበት ዓመት ተጽፎባቸው እስከ ዛሬ ከተረፉት መካከል ቀዳሚው የ1543 ሥራ ሲሆን ፥ በላይፕሲክ ከተማ በሙዚየም ይገኛል። በየቤቱ እንዲገባ ያደረገው አንዱ ምክንያት የኑሮ ጉዳይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመታ ሰው ለመለማመድ ሲሻ ወናፉን የሚነፋለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል ፤ በብርድ ወራትም ቤተ ክርስቲያኑ አያስቀምጥም። በክላቪኮርድ ግን በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ፥ ልጆች ተኝተው ሳሉ እንኳ ፥ ማንንም ሳይቀሰቅስ ይማራል። የሄንደልን ታሪክ በ1760 ያሳተመው ሜይንዌሪንግ እንደሚተርከው ፥ አባቱ ልጁ ሕግ እንዲማር ፈልጎ ሙዚቃን ስለ ከለከለው ፥ ሕፃኑ ትንሽ ክላቪኮርድ በስውር ወደ ላይኛው ክፍል አስገብቶ ቤተ ሰቡ ሲተኛ ይለማመድ ነበር። ተረት ነው የሚሉም አሉ ፤ ቢሆንም ለተረቱ የተመረጠው መሣሪያ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር።

ይህን መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ በመውደድ ስሙ የሚነሣው የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ ነው። በ1753 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፍ የተጫዋች ችሎታ በትክክል የሚመረመረው በክላቪኮርድ ነው ብሎ ጻፈ። በ1772 እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሊቅ ቻርልስ በርኒ ሐምቡርግ ድረስ ሄዶ በቤቱ ጐበኘው። ከማዕድ ከተነሡ በኋላ ባኽ ለመነው እንግዳው ሲል ዚልበርማን በሠራው ክላቪኮርድ ፊት ተቀምጦ ፥ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም እስኪሆን ድረስ እምብዛም ሳያቋርጥ ተጫወተ። በርኒ እንደ መሰከረው ዓይኑ በአንድ ስፍራ ተተክሎ ፥ የታችኛው ከንፈሩ ወርዶ ፥ ላብ ከፊቱ ይንጠባጠብ ነበር። በ1781 ባኽ ያንኑ ክላቪኮርድ ግሮትሁስ ለተባለ የኩርላንድ ባላባት አሳልፎ ሲሰጥ የስንብት ዜማ ደረሰለት። ለፈረሱ የገጠመ ሰው ብዙ ነው ፤ ለሣጥን የስንብት ዜማ የደረሰ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሙዚቃ ከቤት ወጥቶ ወደ ትልልቅ አዳራሽ ገባና ፒያኖ ነገሠ። ፒያኖን በዚህ መውቀስ ቅን ፍርድ አይመስለንም ፤ አዳራሹ የፈለገውን ሰጠ። ክላቪኮርድ ሊረሳ ጥቂት ቀርቶት ሳለ በ1894 አርኖልድ ዶልሜች በለንደን አዲስ ሠራ ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ ኤርንስት ዛካሪያስ ለሆነር ፋብሪካ ክላቪኔት የተባለ በኤሌክትሪክ የሚጐላ ዘመድ አበጀለት። ስቲቪ ወንደር በ1972 ባወጣው «ሱፐርስቲሽን» በተባለው ዘፈን ላይ የሚሰማው እርሱ ነው። የልጅ ልጁ በሕዝብ ፊት ሲጮኽ አያቱ ዛሬም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

በእጃቸው የሚሠሩት ባለሞያዎች ዛሬም አሉ ፤ ሆኖም እንደ ፒያኖ በየሱቁ አይገኝምና አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በተቀዳ ድምፅ ነው። በዚህም አንድ ጕዳት ይደርሳል። ሰሚው ድምፁ ያነሰ ሲመስለው ከፍ ያደርገዋል ፤ ያን ጊዜ የእንጨቱ ኳኳታና የናሱ ጭረት ይጐላና «የተመሰገነው ይህ ነውን?» ይላል። እኛ የምንመክረው ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ፥ መስኮቱን ዘግቶ ፥ ድምፁን ከሰው ንግግር ዝቅ አድርጎ መክፈት ነው። በመዠመሪያ ምንም የማይሰማ ይመስላል ፤ ጥቂት ደቂቃ ሲታገሡት ግን ጆሮ ራሱን ያስተካክላል። ከምን እንዠምር ለሚሉን ፥ ያ የስንብት ዜማ ይሻላል እንላለን ፤ ቤቡንግ የሚባለው መንቀጥቀጥ በውስጡ ይሰማልና።