ልዩ ስሙ

ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ ከተጉለት ተነሥቶ ለትምህርት ፈረንሳይ ይሄዳል፤ ተምሮ ሲመለስ ልማዱ ሁሉ እንደ ነበረ ይጠብቀዋል። የአወቀ ጭንቅ አገሩ ባለችበት መቆየቷ ነው። በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ፊልም ውስጥ ደግሞ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ የሚያገኛት መንደር ወጣቶቿ ከጦርነት አፈሳ ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁባት ናት። የእርሱ ጭንቅ አገሩ የተለወጠችበት መንገድ ነው።

የዛሬው ተመላሽ ከሁለቱም ይለያል። መንገዱ ጸድቶ፣ መብራቱ ደምቆ፣ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶ ያገኛል። ከአወቀ ይልቅ ደስ ሊለው፣ ከአንበርብር ይልቅ ሊጽናና ይገባው ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰፊ መንገድ መካከል ቆሞ «የነእገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያጣል።

እኔ የሄድሁት ከባሕር ማዶ አይደለም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በ2010 ዓ.ም. ዝውውር ደርሶኝ ኢሉባቦር፣ መቱ ሄድሁ። ዝናቡ የማያባራ፣ ቡናው ሲያብብ አገሩ ሁሉ የሚሸትባት ከተማ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ብቅ እል ነበር። ለ2016 ዓ.ም. ገና ስመጣ ዶሮ ማነቂያ በቦታዋ ነበረች። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በመጋቢት ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፈረሳ ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ተዛውሬ ስመለስ ተወልጄ ያደግሁበት ግቢ ቀርቶ ግቢው የነበረበትን አቅጣጫ መለየት አቃተኝ። ከሰባ ደረጃ ተነሥቼ በእርምጃ ልለካው ሞከርሁ፤ የምለካበት ምልክት ሁሉ አብሮ ሄዷል።

እውነቱ ይነገር። ያረጀ የጭቃ ቤት ውብ የሚሆነው ፎቶግራፍ ለሚያነሣው ሰው ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የቀበሌ ሆኖ የኖረው ቤታችን ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያው ሥር ባልዲ የሚደረደርበት ነበር። መጸዳጃው ለአሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ነው። እናቴ ዛሬ በከተማዋ ዳር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ውኃው ከቤት ውስጥ ይቀዳል፤ መጸዳጃዋ የራሷ ነው። «ይህን ቤት የሚያማ ሰው አፉ ይያዝ» ትላለች። እኔም አላማም። «ቅርስ ነበር፤ ለምን ፈረሰ?» ከሚሉት ወገን ሆኜ ያንን ጣሪያ መልሱልኝ ብል እናቴን በዚያ ባልዲ ሥር መልሼ ማስተኛቴ ነው።

ነገር ግን ያችው እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ትደረድራለች፤ የምትጠጣው ብቻዋን ነው። ሰፈርተኛው በአንድ ቀን ተነሥቶ በሦስትና በአራት አቅጣጫ ተበትኗል። ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ምትክ የቀበሌ ቤት ደርሶታል። ዕድሯን ግን አልቀየረችም። በየወሩ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ወርኃዊዋን ትከፍላለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «የማያውቀኝ ሰው ምን ብሎ ያለቅስልኛል?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። ዕድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ የትም ይገኛል። ዕድር የሟቹን የልጅነት ስም የሚያውቅ፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደ ታረቀ የሚያስታውስ፣ ሰልስት ሲቀመጥ ወሬ የማይቸግረው ሰው ስብስብ ነው። ይህ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚጠራቀም ሀብት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት አባቶቻችን ቀልደው አልነበረም፤ ሂሳብ ሠርተው እንጂ። በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ፣ ልጅ ታሞ ሌሊት በሚንኳኳው በር ላይ፣ በተራ በሚፈላው ቡና ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ነበራቸው። ካሳ ሲተመን ግድግዳው ይለካል፤ ይህኛው ሀብት የሚጻፍበት ዐምድ የለም።

ሥራዬ ነውና ስለ ዐምድ ትንሽ ልበል። የደንበኛን አድራሻ ስንመዘግብ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር እንጠይቃለን። አገራችን ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ «ልዩ ስሙ» የምትለው ቃል አላት። ልዩ ስሙ እሪ በከንቱ፣ ልዩ ስሙ ሠራተኛ ሰፈር፣ ልዩ ስሙ አፍንጮ በር። ሰው የሚፈለገው በዚህ ነው፤ የቤት ቁጥሩን ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል። አንዲት አረጋዊት አድራሻቸውን ሊያስተካክሉ መጥተው «እማማ፣ ሰፈርዎ የት ነው?» ስላቸው «የቱን ልንገርህ ልጄ፣ የማድርበትን ነው የምኖርበትን?» አሉኝ። እኔ ግጥም ስጽፍ ስንት ሌሊት አምሽቼ እንዲህ ያለ ስንኝ አልወጣልኝም።

«አዲስ አበባ መቼ ጸንታ ቆማ ታውቃለች?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈሮቿ የመኳንንትና የባለሙያዎች ሰፈራ ነበሩ፤ «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የድንኳን ሽታ አለው። ነገር ግን ያኔ ሰፈርተኛው የሰፈረው ከወገኑና ከሙያ ባልደረባው ጋር ነው፤ የዛሬው መነሣት ግን ሰውን ከሰው ነጥሎ በዕጣ ይበትናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስምም በቀላሉ አይሞትም ይባላል፤ ለዚህ ፒያሳን የመሰለ ምስክር የለም። አራዳ የነበረው ስፍራ ይህን ጣልያንኛ ስም ያወጣለት ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሄደ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። የባዕድ ቃል ከሰማንያ ዓመት በላይ ያኖረ ምላስ የራሱን «እሪ በከንቱ» በአንድ ክረምት ቢረሳ ከማን ጋር ይካሰሳል? ስም ግን እንዲኖር የሚጠራው ይፈልጋል። ፒያሳ የኖረችው «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚል ወያላና ቀጠሮ የሚሰጥ ጎረምሳ ስላልጠፋ ነው። ጠሪው ተበትኖ በየኮንዶሚኒየሙ «ብሎክ» እና ቁጥር ብቻ ሲጠራ የሚውል ከሆነ የቀድሞው ስም ከሽማግሌዎች ጋር ያልቃል።

እንግዲህ የምለው ሦስት ነገር ነው። ሰፈር መነሣት ካለበት ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር፣ ዕድር ከነድንኳኑ በአንድ ቦታ ይስፈር። ይህ ከዕጣ አወጣጥ ለውጥ የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ አዲሱ አደባባይ፣ አዲሱ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አዲሱ መናፈሻ በላዩ ላይ የቆመበትን ሰፈር ስም ይያዝ። «ዶሮ ማነቂያ» ለጆሮ አያምርም የሚል ካለ፣ የከተማ ስም የሚያምረው ታሪክ ሲኖረው መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው የእኛ የብዕር ወዳጆች ዕዳ ነው። ውቤ በረሃን በዓይኑ ያላየ ወጣት ዛሬ ሌሊቷን የሚያውቀው ሰብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ስለ ጻፈላት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ካለ መዝገብ ያንን ሌሊት የሚያገኝ የለም። እኛ ግን ስለ ናፍቆት በጥቅሉ እንጽፋለን፤ «ያ ደግ ዘመን» ብለን እናለቅሳለን። ለቅሶው ይቅርና ስም እንጻፍ፦ የትኛው ግቢ፣ ስንት በር፣ ጥሩምባ ነፊው በየት በኩል ይመጣ ነበር፣ የባለሱቁ ሚዛን በየትኛው ወገን ያዘነብል ነበር። ይህን የሚያውቁት እናቶቻችን ገና በሕይወት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ሄዶ መጠየቅ፣ ከስድስቱ ስኒ አንዱንም አንሥቶ መጠጣት ይቻላል።

መንገዱ ሰፋልኝ፣ እሰይ ብዬ ሄድሁ፤
ቡና የሚጠራኝ፣ አንድ ድምፅ እንኳ አጣሁ።
ቤቱ አርጅቶ ነበር፣ ዕድሜ ጠግቦ ወድቋል፤
ስሙ ግን ሕፃን ነው፣ ማን ያሳድገዋል?