ፍርሃትም ልክ አለው

የቪዲዮ ጨዋታ የሕፃናት ነገር ነው እያሉ የሚንቁ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። በሌላው ወገን ደግሞ ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት የማይነሡ ወጣቶች አሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ጨዋታም እንደ ቲያትርና እንደ መጽሐፍ የሰው አሳብ ሥራ ስለ ሆነ፣ ተመርምሮ ሊፈረድለት ወይም ሊፈረድበት ይገባል። ለዛሬ የመረጥነው «ኤሊየን አይሶሌሽን» የተባለውን ነው።

ይህን ጨዋታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ያወጣው በእንግሊዝ አገር በሆርሻም የሚገኘው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ሲሆን፣ አሳታሚው የጃፓኑ ሴጋ ነው። ሠሪው ድርጅት አስቀድሞ የታወቀው «ቶታል ዋር» በሚባሉት የጦርነት ጨዋታዎቹ ነበር፤ በእነዚያ ተጫዋቹ በሺህ የሚቈጠር ሠራዊት እያዘዘ ይዋጋል። በዚህኛው ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ከአንድ አውሬ ትሸሸጋለች። ታሪኩ የተነሣው ሪድሊ ስኮት በ1979 ካዘጋጀው «ኤሊየን» ከተባለው ፊልም ነው። የፊልሙ ጀግና ኤለን ሪፕሊ ከጠፋች ከ15 ዓመት በኋላ፣ ልጅዋ አማንዳ የእናትዋን ወሬ ፍለጋ ሴቫስቶፖል ወደሚባል የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች። የምታገኘው ግን መብራቱ የተቋረጠ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚተኳኰሱበት ወና ጣቢያ ነው።

የጨዋታው ዋና ሕግ አንድ ነው፤ አውሬውን መግደል አይቻልም። ጥይት አያቈስለውም፤ እሳት ቢተፉበት ለጥቂት ጊዜ ሸሽቶ ይመለሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፣ በእጁ የያዘችውን እንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያ እያየ ይጠብቃል። በሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ጠላት የሚሄድበት መንገድ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያየው ሰው እንደ ዘበኛ ፈረቃ ሰዓቱን ያጠናዋል። የዚህ አውሬ መንገድ ግን አይጠናም።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ ለጨዋታው ሁለት አእምሮ ሰጥተውታል። አንደኛው ከላይ ሆኖ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ ዘወትር ያውቃል፤ ሁለተኛው፣ ማለት አውሬው ራሱ፣ አያውቅም። የላይኛው ለታችኛው የሚሰጠው ፍንጭ ብቻ ነው። ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ አንዲት ታላቅ እኅት ለፈላጊው «ወደ ጓዳው በኩል ሞክር» ብላ ትጠቁመዋለች እንጂ «ከአልጋው ሥር ነው» አትለውም፤ የተሸሸገው ሕፃን ሊያለቅስ መድረሱን ስታይ ደግሞ ፈላጊውን ወደ ደጅ ትልከዋለች። በዚህም ጨዋታ ጭንቀቱ ሲበዛ የላይኛው አእምሮ አውሬውን ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይመልሰዋል። ይህ ማታለል አይደለምን የሚሉ አሉ። እኛ ግን አይደለም እንላለን፤ አውሬው በመጨረሻ የሚያገኘን በገዛ ዓይኑና ጆሮው ነውና። የሠራነው ስሕተት፣ ያንኳኳነው በር፣ የሮጥነው ሩጫ ነው የሚያስይዘን። በሽንፈቱ ቅር የማይለንም ስለዚህ ነው።

የጣቢያው መልክም ምስጋና ይገባዋል። የፊልሙ ባለቤት ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የቆዩ ሰነዶቹን ለሠዓሊዎቹ ከፈተላቸው፤ እነርሱም በ1979 ፊልም ሠሪዎች ሊያስቡት ከማይችሉት መሣሪያ ሁሉ ተቈጠቡ። ስለዚህ መጪው ዘመን የሚታየው በወፍራም ቁልፎችና በሚንቀጠቀጡ አረንጓዴ ፊደላት ነው።

አሁን ወደ ነቀፌታው እንምጣ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጨዋታው ግን 18 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ ብዙውን ተጫዋች ከ15 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ወደ መካከሉ ሲደርስ አውሬው ከታሪኩ ገለል ይልና ተጫዋቹ ዎርኪንግ ጆ ከሚባሉ ሰው መሳይ ማሽኖች ጋር ይቀራል። በለሰለሰ አነጋገር አንገት የሚያንቁ ስለ ሆኑ በመጀመሪያ ያስደነግጣሉ፤ ነገር ግን ዝግተኞች ናቸው፣ ቶሎም ይለመዳሉ። ጨዋታው ያለቀ ከመሰለ በኋላ ደግሞ ሌላ መዘውር፣ ሌላ ፊውዝ፣ ሌላ ተዘግቶ የቆየ በር ይመጣል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ የሚያስበው እንደ አማንዳ ሳይሆን ለተላላኪነት እንደ ተቀጠረ ሰው ነው።

ጨዋታው በተደረሰበት ተመዝግቦ እንዲቀመጥ የሚደረግበትም መንገድ እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የስልክ መሣሪያ ዘንድ ሄዶ፣ ካርድ አስገብቶ፣ መብራቶቹ እስኪበሩ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ከኋላ ሊያዝ ይችላል። ይህ ጥበብ ነው፣ ዕረፍቱ ራሱ አደጋ ሆኗልና። ነገር ግን ከስልኩ በፊት የሞተ ሰው ያንኑ መተላለፊያ እንደ ገና ይጀምራል፤ በአራተኛው ጊዜ ፍርሃቱ ጠፍቶ ንዴት ብቻ ይቀራል። ፍርሃት የሚጠነክረው በእጥረት እንጂ በድግግሞሽ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ይህን በአውሬው ላይ ሲያውቁት በምዕራፎቹ ቍጥር ላይ ረስተውታል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል። በማግሥቱ በሁለት ሰዓት ቢሮ የሚገባ ወጣት ሠራተኛ ወይም ፈተና የደረሰበት ተማሪ ለጨዋታ ያለው ጊዜ አንድ ምሽት ነው። ስድስት ሰዓት የሚበቃውን ነገር ወደ ሃያ የሚያስጠጋ ሥራ፣ ምንም ያህል ብልሃት ቢኖረው፣ ከዚያ ሰው ዕድሜ የወሰደው አለ። ሠሪዎቹ በ2024 ተከታዩን መጀመራቸውን ሲያስታውቁ እኛ የተመኘነው አውሬው እንዲበዛ አይደለም፤ መቀስ እንዲያዘጋጁ ነው።

እስከዚያው ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ቢኖር ከመካከለኛው ምዕራፍ ላይ፣ አውሬው ከጣቢያው ሲወገድ፣ አንድ ሳምንት ቢያርፍ እንመክረዋለን። ሌላም አለ። በአንዳንዶቹ ማጫወቻዎች ላይ ጨዋታው በማይክሮፎን አማካይነት የክፍሉን ድምፅ እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል፤ እርስዎ በቤትዎ ሲያስሉ አውሬው በሴቫስቶፖል ይሰማዎታል። ጉንፋን የያዘው ሰው ይህን ቢዘጋው ይሻለዋል።