ዒምራን ጠየቀ፤ እኛ ለምን እናፍራለን?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ከጀመዓ ሶላት መቅረት ጀመረ። ፈጅር ላይ ከሶፍ የማይታጣ ልጅ ነበር። ገሚሶቻችን «ፈተና አስጨንቆት ነው» አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ «ዲኑ ላይ ቀዝቅዟል» አልን። እውነቱን ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ኪንታሮት ይዞት ኖሯል። ሲቀመጥም ሲነሳም ያመዋል፤ ደም ልብሱን እንዳይነካው ይሰጋል፤ ለማን እንደሚናገር ግን ጨነቀው። እኛ በክፉ ጠረጠርነው፤ እሱም ብቻውን ታመመ።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያደረገን ይኸው ነው። ስለ ኪንታሮት መናገር ሐያእን አያጎድልም፤ ዝምታው ግን ሰው ይጎዳል ብለን እናምናለን።

ማስረጃችን ሩቅ አይደለም። ሰሓባው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ነበረበት። እንዴት እንደሚሰግድ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። እሳቸውም ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ ነገሩት። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ዛሬ የታመሙ አያቶቻችን አልጋቸው ላይ ሆነው የሚሰግዱት በዚሁ መመሪያ ነው። አንድ ሰው ሳያፍር በመጠየቁ ስንቱ በሽተኛ ተጠቀመ! ወንድማችንም ቢነግረን ኖሮ ከጎናችን ተቀምጦ በሰገደ ነበር።

ኪንታሮት በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣ ሕመም ነው። በብዛት የሚያመጣው የሆድ ድርቀትና ማማጥ ነው። ሽንት ቤት ብዙ መቆየት፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና እርግዝናም ያባብሱታል።

በየቀኑ የምንመላለስበትን የቃሊቲን መንገድ እንመልከት። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ሹፌር ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ መንገድ ላይ ላለመቆም ውሃ ይቀንሳል፤ ሲመጣበትም ይይዘዋል። እናዝንለታለን። የእኛ ኑሮስ ከእሱ በምን ይለያል? ከክላስ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ዶርም ቁጭ እንዳልን ይመሻል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ፓስታ ነው። ፈተና ሲደርስ ጫት የሚይዙም አሉ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ለሰዓታትም ከተቀመጡበት አያስነሳም።

መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልማድን ማስተካከል ነው።

አንደኛ፣ ሲመጣ አለመያዝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሽንት ወይም ሰገራ እየተጋፋን እንዳንሰግድ ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ለሶላት እንኳ ካልተያዘ ለሌክቸር መያዝ ምን ይባላል?

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤት አለመቆየት። ስልኩ ውጭ ይቅር። ካልመጣ ተነስቶ ሌላ ጊዜ መመለስ እንጂ ማማጥ አያስፈልግም። በመቀመጫው ሽንት ቤት ስንጠቀም እግራችንን ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ብናሳርፍ ይቀለናል።

ሦስተኛ፣ ውሃና አሰር ያለው ምግብ። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን ወደ 15 ግራም ይሰጣል። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ፓፓያና ተልባም አሉ። ታዲያ ቀስ በቀስ እንጨምር፤ በአንድ ቀን ካበዛነው ሆድ ይነፋል። አሰሩ ያለ ውሃ ስለማይሠራ በቂ ውሃ እንጠጣ። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሰሑር ከፋፍለን እንጠጣ።

አራተኛ፣ መንቀሳቀስ። በየሰዓቱ ከወንበር መነሳት፣ አጭሩን መንገድ በታክሲ ሳይሆን በእግር መሄድ።

ሕመሙ የጀመረው ሰው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጥበት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያደርገው ያስታግስለታል። ኢስቲንጃን በውሃ ማድረጋችንም እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ደረቅ ሶፍት ቁስሉን ይፍቀዋል። ከታጠቡ በኋላ ሳያሹ በቀስታ ማድረቅ ነው። ደሙ አልቆም ብሎ ስለ ውዱእና ስለ ሶላቱ የተጨነቀ ካለ፣ ለዚህ ሁኔታ ፊቅህ መልስ ስላለው ኡስታዝ ይጠይቅ።

ሁለት ነገር እናስጠንቅቅ። ምሰሶ ላይ «ኪንታሮት እናድናለን» የሚል ወረቀት አይተን ምንነቱን የማናውቀውን ነገር አንቀባ፤ የሚያቃጥል ነገር ከበሽታው የባሰ ጉዳት ሊተው ይችላል። ደግሞም ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ያደማል። ደም ያየ ሰው ይመርመር፤ በተለይ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳ ቀን አይቁጠር። ጤና ጣቢያ አለ፤ በክፍለ ከተማችንም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ይህን በሽታ በየጊዜው የሚያየው ነውና አይገረምብንም።

ከጀመዓችን የምንጠብቀው ቀላል ነው። ወንድም ከሶፍ ሲጠፋ፣ እህት ከሐለቃ ስትቀር፣ ከመጠርጠራችን በፊት «አሞህ ነው ወይ? አሞሽ ነው ወይ?» እንበል። የተነገረንንም በአማና እንያዝ፤ ቀልድ አናድርገው። ያ ወንድማችን ሐኪም ካየው ወዲህ ተሽሎት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወደ ሶፉ ተመልሷል። አውፍ እንዲለን ጠይቀነዋል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክ። አሚን።