አንድ ቅሬ፣ አንድ ዶርም

የመካነ ሰላምና የቱሉ አውሊያ ሰዎች፣ የቅሬ ዳኞች፣ ቤት አከራዮች፣ ነባር ተማሪዎች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በሁለቱ ከተሞቻችን ተማሪ ያስተምራል። ከልጆቹ ብዙዎቹ እኛን ፈልገው አልመጡም፤ ምደባው ሲወጣ ነው የአገራችንን ስም ያወቁት። ከጋምቤላ ሙቀት፣ ከጅግጅጋ፣ ከወላይታ፣ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተነሥተው፣ በደሴ በኩል አልፈው ደጋችን ላይ ሲወርዱ ቀድሞ የሚቀበላቸው ብርዱ ነው። ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ የቆመውን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቀጥሎ ማን ያገኘዋል? ብዙ ጊዜ ዋጋ የሚጨምርበት ሰው። ግቢ ከገባ በኋላ ቋንቋውን የሚናገር ነባር ተማሪ ያገኘዋል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ልጁ በዚያው ታጥሮ ይቀራል። ዓመታት አብሮን ኖሮ፣ ውሃችንን ጠጥቶ፣ የአንዳችንን ቤት ደፍ ሳይረግጥ ተመርቆ ይሄዳል።

ወሎ እንዲህ አልነበረችም፣ እንዲህም መሆን የለባትም።

ነገሩ የእንግዳ አክባሪነት ስማችንን የመጠበቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተነሥተው መንገድ ላይ የታገቱትን ልጆች እናቶች ለቅሶ አገር ሰምቶታል። ዛሬ ልጇን ወደ እኛ የምትሸኝ እናት ይህን ሁሉ እያሰበች ነው የምትሸኘው። ልጇ ያረፈበት ከተማ ውስጥ በስም የምታውቀው፣ ደውላ «ልጄን እዩልኝ» የምትለው አንድ ሰው ቢኖራት እንቅልፍ ይወስዳታል። ያ ሰው ከእኛ መሃል መገኘት አለበት።

ጎንደር ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ነዋሪ ተነጋግረው «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ብለው ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ነዋሪው እንደ ልጁ የሚይዝበትን መንገድ ዘርግተዋል። ሐሳቡን ከጎንደር እንዋስ። ማኅበሩን ግን ከማንም መዋስ አያስፈልገንም፤ ቅሬ፣ የእኛው ዕድር፣ አለን።

ቅሬ ምን እንደሚችል እናውቃለን። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደረጋል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፣ የቀረ ይቀጣል። የክርስቲያኑን መቃብር ሙስሊሙ፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ ይቆፍራል። ድግስ ሲሆን በሁለት ቢላዋ ታርዶ፣ በሁለት ድስት ተሠርቶ፣ ማንም ሳይበላ አይሄድም። ከጅግጅጋ ወይም ከአሳይታ የመጣ ልጅ ቤታችን ገብቶ «ሥጋው የማን ነው?» ብሎ እንዳይሳቀቅ የሚያደርግ ልምድ በጃችን አለ። ብዙ ከተማ ይህን ገና መማር አለበት። የእኛ እናቶች ግን ድስቱን ለይተው መጣድን ከልጅነታቸው ያውቁታል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቅሬ የአንድ ዶርም አዲስ ገቢዎችን ይያዝ። ስማቸው በቅሬው መዝገብ ይግባ። መዋጮ አይጠየቁ።

መዝገብ ላይ መግባታቸው ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው መርዶን ያስብ። በእኛ ወግ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ ጎረቤት ቀድሞ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ የሚደግፍ ክንድ በግራም በቀኝም ይቆማል። ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ ግን አባቱ መሞቱን በስልክ ይሰማል፤ አንዳንዱም አንድ ዘመድ ፌስቡክ ላይ በለጠፈው ፎቶ ያውቃል። ጓደኞቹ የትራንስፖርት ገንዘብ ያዋጡለታል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ወይም አገሩ የሁለት ቀን ጉዞ ከሆነ ቀብሩ ላይ አይደርስም። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዶርሙ ውስጥ ይተኛል፤ በማግስቱ ፈተና ይኖርበታል። በዚህ ሰዓት የቅሬው ሴቶች እንጀራቸውን ይዘው ቢመጡ፣ ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ሰሌን ተነጥፎ ሦስት ቀን ለቅሶ ቢቀመጥለት፣ ሼሁ ዱዓ ቢያደርጉለት ወይም ቄሱ ለአባቱ ፍትሐት ቢያደርሱለት፣ ያ ልጅ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አይረሳንም። ለእኛ የአንድ ሳምንት ድካም ነው። ቅሬ የተቋቋመውስ ለዚህ አይደለም?

ዩኒቨርሲቲው የተሰየመበት አምባ ራሱ ከወገኑ ስለራቀ ልጅ የሚነግረን አለው። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሲመለስ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። እንግሊዝ አገር ያልተሟላለት ነገር አልነበረም፤ ራግቢ በሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ያስቡለት ነበር። የሚወደውን ሞግዚቱን ግን በመንግሥት ውሳኔ አጣው። በ1872 ዓ.ም. ኅዳር፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመት ዛሬ ወደ እኛ የሚላኩት ልጆች ዕድሜ ነው። ምግብና መኝታ ለልጅ እንደማይበቃው ከመቅደላ ሰው በላይ ማን ሊያውቅ ይገባል?

አንድ ከባድ ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ደርግ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋና መተከል ሲያሰፍር ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። «ስግሰጋ» በተባለው ሰፈራ ዘመዶቻችን በአገሬው ገበሬ መካከል ገብተው ኖሩ፤ ጎጆውን የሠራላቸው በአብዛኛው ያው ገበሬ ነበር። ብዙዎቹ ልጆቻቸው ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ስንቶቹ ከወለጋ ተፈናቅለው፣ ሰው ቀብረው ወደ ወሎ ተመለሱ። በሐይቅ ከተማ አካባቢ በመጠለያ ያየናቸው ወገኖቻችን ናቸው። ቁስሉ አልደረቀም። እንግዲህ ከነቀምት የተመደበ ልጅ ቱሉ አውሊያ ሲወርድ አንዳንዱ ፊቱን ሊያዞርበት ይችላል። አታዙሩበት። የበደለን እሱ አይደለም። መጤ ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ፣ የጎረቤት ፊት ሲጠቁር ምን እንደሚመስል እኛ በራሳችን አይተነዋልና ያንን ለማንም ልጅ አንመልስ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ደህና መሆኗን ጠይቁት። ብሔሩን ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል።

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቅንነት የተጀመረ ነገር በአንድ ክፉ ሰው ይበላሻልና። ሴት ተማሪ ብቻዋን ወደ ማንም ቤት አትላክ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ፣ እናት ወዳለችበት ቤት ይሁን። ተቀባዩ ቤተሰብ ቅሬው የሚመሰክርለት፣ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎትም የተመዘገበ ይሁን። ልጁን ሥራ አታሠሩት። ሃይማኖቱን ለማስቀየር የሚከጅል ሰው ከዚህ ነገር ይራቅ። ምግቡም ከአቅም በላይ አይሁን። በወር አንድ ቀን ቡና፣ በገና ወይም በመውሊድ አንድ ማዕድ፣ በረመዳን አንድ ማፍጠሪያ፣ ሲያመው ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ሰው ይበቃል። ትርፍ ባና ያለው ቤት ለቆላ ልጅ ያውስ፤ የመጀመሪያው ኅዳር ያልፍለታል።

አዲስ መምህራንና ነርሶችንም አንርሳ። ተከራይተው ስለሚኖሩ፣ ነገም ስለሚቀየሩ ከቅሬ ውጭ ይቀራሉ። በብዙ ከተማ ዕድር አዲስ ገቢ ድንኳኑና ወንበሩ ሲገዛ አልነበርክም ተብሎ መግቢያ ይጠየቃል። ሒሳቡ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን ልጆቻችንን ሊያስተምርና እናቶቻችንን ሊያዋልድ የመጣን ሰው በዚህ ደጅ ማስጠናት አይገባም። ወርኃዊውን ይክፈልና ይግባ።

ነባር ተማሪዎች ሆይ፣ በምዝገባው ሰሞን ሁለት ሁለት ሆናችሁ መናኸሪያ ቁሙ፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላ አካባቢ ልጅ ይሁን። ሻንጣ ተሸከሙ፣ የባጃጁን ትክክለኛ ዋጋ ንገሩ። የባጃጅ ማኅበራትና አከራዮችም በዚያ ሳምንት ዋጋ እንደማትጨምሩ ተስማሙና በመናኸሪያው በር ላይ ጻፉት።

የቅሬ ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንድ አጀንዳ አንሡ። የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንደሚቀበል፣ የቤቱን እመቤት ስምና ስልክ በወረቀት ጻፉ። ጸሐፊያችሁ ወረቀቱን የሚቀጥለው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ለተማሪዎች አገልግሎት ያድርስ፤ አንዱን ቅጂ በቅሬው መዝገብ ውስጥ ያስቀር።