የትራክተሩ ባለቤት ማን ነው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ባለቤትነትን በግዙፍ ዕቃ ላይ ሊኖር የሚችል ከሁሉ የሰፋ መብት አድርጎ ይደነግጋል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ሲበላሽ ራሱ ሊጠግነው፣ ወይም በመረጠው ባለሙያ ሊያስጠግነው የማይችል ሰው የትራክተሩ ባለቤት ነው ወይስ ጭሰኛው?

ጥያቄዬ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የዛሬ ትራክተር፣ ኮምባይነርና ከባድ መኪና በበርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚታዘዙ ናቸው። ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት «ጄ1939» የተባለው መስፈርት የታወቀና የጋራ በመሆኑ፣ ማንም መካኒክ አዳፕተር ገዝቶ ብዙውን የብልሽት ኮድ ሊያነብ ይችላል። ፈተናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች አዲስ ኢንጀክተር ሲገጠም መለያው በሞተሩ ኮምፒውተር መመዝገብ አለበት። ይህን የሚሠራው ሶፍትዌር በአምራቹና በወኪሎቹ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ብረቱ ተጠግኖም ማሽኑ አይድንም።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ጆን ዲርን የከሰሰው በዚሁ ነው፤ ሙሉውን የጥገና ሶፍትዌር ለወኪሎቹ ብቻ በመስጠት ገበሬውን ውድ ለሆነ ጥገና ዳርጎታል በማለት። ኮሎራዶ ደግሞ ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ፣ አምራቾች መመሪያውን፣ መሣሪያውንና ሶፍትዌሩን ለገበሬውና ለነጻ ጠጋኞች እንዲያቀርቡ አስገድዳለች።

አምራቾች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው የአየር ብክለት ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በጻፈው ደብዳቤ የንጹሕ አየር ሕጉ ጥገናን ለመከልከል ሰበብ ሊሆን እንደማይገባ ገልጿል። ሁለተኛው ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬኗ ሜሊቶፖል ተዘርፈው ወደ ቼችኒያ የተወሰዱ ማሽኖች ከርቀት መቆለፋቸው ሲዘገብ ዓለም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሌባውን ያስቆመ ቁልፍ ነገ ባለቤቱንም ሊያስቆም ይችላልና።

«ይህ የሩቅ አገር ሙግት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የአርሲና የባሌ ስንዴ በምን ይታጨዳል? የጅቡቲ መንገድ ጭነት በምን ይመጣል? ከውጭ በምንዛሬ በገዛናቸው ማሽኖች አይደለምን? ስንዴው ደርሶ ዝናብ ባንዣበበበት ሰሞን አንድ ኮምባይነር ቢቆም፣ አዝመራው ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሕጋዊው ሶፍትዌር ጨርሶ ካልተሸጠለት ደግሞ፣ መካኒኩ ወደ ተሰረቀ ቅጂ ቢዞር በማን እንፈርዳለን?

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ገዢ ኃይል የሚኖረው ከመግዛቱ በፊት ነው። መንግሥት፣ የገበሬዎች ዩኒየኖችና ማሽን የሚያከራዩ የፋይናንስ ተቋማት በጨረታ ሰነዳቸው አንድ አንቀጽ ያስገቡ፤ አዳፕተሩ፣ ሙሉው ሶፍትዌርና የጥገናው መመሪያ ከማሽኑ ጋር ይረከቡ፣ የሶፍትዌሩም ፈቃድ ማሽኑ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ይጽና። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንም ከመፍቻው ጎን ይህን ያስተምሩ። እምቢ ያለ አምራች ካለ ገበያውን ለተወዳዳሪው ይልቀቅ።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚሰማ እሮሮ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያልፍም። ልብ ያለው ልብ ይበል።